ግድግዳው ያው ነው

ተነሊንግን የተማርኩት እንደ ብዙዎቻችን ነው። ኤሌክትሮን ከአንድ ወገን ይመጣል፤ ሊወጣው የማይችለው የኢነርጂ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ሆኖም አልፎ አልፎ ከግድግዳው ማዶ ይገኛል። መልመጃዎቹ የሚጠይቁን የግድግዳውን ቁመት፣ ውፍረቱንና የቅንጣቱን መጠነ ቁስ ነበር። ማዶው ምን እንደሚመስል እንድጠይቅ ያደረገኝ አሞኒያ ነው።

የአሞኒያ ሞለኪውል ሦስት ሃይድሮጅኖች ከሥር፣ ናይትሮጅኑ አናት ላይ ያሉበት አጭር ፒራሚድ ነው። ናይትሮጅኑ በሦስቱ መሀል ሾልኮ ወደ ሌላው ወገን ያልፍና ሞለኪውሉ ነፋስ እንደመታው ጃንጥላ ይገለበጣል። ግድግዳው ሩብ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ሞለኪውሉ ግን በሰከንድ 24 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ተገልብጦ ይመለሳል። ቻርልስ ታውንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሜዘር የሠሩት በዚሁ ድግግሞሽ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ፍጹም አንድ ስለሆኑ ዝቅተኛው የኢነርጂ ደረጃ ለሁለት ይከፈላል፦ በአንደኛው ሞገዱ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ምልክት አለው፣ በሌላኛው ተቃራኒ። የኢነርጂ ልዩነታቸው የግድግዳውን ቁመት 2500ኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የመሻገሪያውን ጊዜ፣ 21 ፒኮሰከንድ ገደማ፣ የሚወስነው ይህ ጠባብ ልዩነት ነው።

አንድ ማታ ሲሜትሪው ቢፈርስ ምን እንደሚሆን ለማየት በስሌቱ አንዱን ወገን ዝቅ አደረግኩት፤ የዚያን ጠባብ ልዩነት አሥር እጥፍ ብቻ። መሻገሩ ይዘገያል ብዬ ስጠብቅ ውዝዋዜው አሥር ጊዜ ያህል ፈጠነ! ናይትሮጅኑን ከማዶ የማግኘት ዕድል ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። ግድግዳውን አልነካሁትም፤ የነካሁት የሁለቱን ወገን እኩልነት ብቻ ነው። ከፊዚክስ የተማርከውን አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። «ለመሻገር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» የሚለው ጥያቄ «በእርግጥ ይሻገራል?» ከሚለው ተነጥሎ ትርጉም እንደሌለው ያየሁት ያኔ ነው።

እኩልነቱ ሲፈርስ ናይትሮጅኑ ባለበት መቅረቱ የወረቀት ስሌት ብቻም አይደለም። ብሊኒና ሉብሰር እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት የአሞኒያ ጋዝ ግፊት እየጨመረ ሲሄድ የመገላበጡ ድግግሞሽ፣ በስሌቴ ካየሁት በተቃራኒ፣ እየወረደ መጥቶ በ2 አትሞስፌር ገደማ ይጠፋል። ጎረቤት ሞለኪውሎች በኤሌክትሪክ ጉተታቸው ሁለቱን ወገን ያበላልጣሉ፣ ናይትሮጅኑም ባለበት ይቀራል የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አሳማኙ ነው።