የፍላሽ ድንጋይና የሠርግ ቀን

በሠርግ ቤት ሰው ሁሉ የፎቶግራፍ አንሺውን እጅ ይመለከታል፤ ከጀርባው ቆሞ የፍላሹን ድንጋይ የሚይዘውን ሰው ግን ማንም ልብ አይለውም። ዳሩ ግን ሙሽራይቱ ቀለበት በምታጠልቅበት ሰዓት ፍላሹ እንዳይጨልም የሚያደርገው ያ ሰው ነው። እኔ በሙያዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የእኅቴ ልጅ ግን ሠርግ በማንሣት የሚተዳደር ስለ ሆነ፥ በዕረፍት ቀኔ ድንጋይ ያዥ ሆኜ አብሬው እሄዳለሁ። ሥራው ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለምና፥ ሠርግ ለሚደግሱ ቤተ ሰቦችም ሆነ ልጆቻቸውን በዚህ ሙያ ለሚያሠለጥኑ ይጠቅማል በማለት ያየሁትን እጽፋለሁ።

ፍላሽ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. ሁለት ጀርመናውያን የማግኒዚየም ዱቄት ከሌላ ንጥረ ነገር ጋራ ቀላቅለው በማቀጣጠል ለፎቶግራፍ የሚሆን ብርሃን አወጡ፤ ብርሃኑ ታላቅ ነበረ፥ ጢሱና አደጋውም እንዲሁ ታላቅ ነበረ። በ1929 ዓ.ም. በመስተዋት አምፑል ውስጥ የሚቃጠል ፍላሽ በዚያው በጀርመን አገር ለገበያ ቀረበ፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከበራ በኋላ የሚጣል ነበረ። በ1930ዎቹ ዓመታት ደግሞ አሜሪካዊው መምህር ሃሮልድ ኤጀርተን በኤሌክትሪክ ኀይል ደጋግሞ የሚበራውን ፍላሽ ለፎቶግራፍ ሥራ እንዲውል አደረገ። የዛሬው ፍላሽ የዚህ ዘር ነው።

ድንጋዮቹ የሚሰጡት ኀይል ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ መሣሪያው ግን ያንን እስከ 300 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ ካፓሲተር በሚባል ማከማቻ ካጠራቀመ በኋላ፥ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያፈሰዋል። ስለዚህ የተበላሸ ፍላሽ በቤት ውስጥ መፈታት የለበትም። ማከማቻው አንድ ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ እንደ ገና እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነው። በሙሉ ኀይል ሲበራ፥ አዲስ የተሞላ ድንጋይ ከሦስት እስከ አምስት ሴኮንድ ያህል ያስጠብቃል፤ የደከመ ድንጋይ ግን ዐሥር ሴኮንድና ከዚያም በላይ ያቆማል። ዐሥር ሴኮንድ በተራ ቀን ምንም አይደለም፤ በሠርግ ቀን ግን ሙሽራው የእናቱን ጕልበት ስሞ የሚነሣበት ጊዜ ነው።

በብዙው ፍላሽ ውስጥ የሚገቡት ድንጋዮች «ዳብል ኤ» የሚባሉት አራት ትናንሾች ናቸው። ከሱቅ ገዝተን የምንጥለው አልካላይን 1.5 ቮልት ሲሰጥ፥ ደጋግሞ የሚሞላው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን 1.2 ቮልት ብቻ ይሰጣል። ያልተማረ ሰው ይህን አይቶ የፊተኛው ይሻላል ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፍላሽ የሚፈልገው ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ የሚለቅ ድንጋይ ነውና፥ በዚህ ረገድ ሁለተኛው የበለጠ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተሞልቶ ሲቀመጥ ኀይሉን ቶሎ የማያፈስ ዐይነት ከጃፓን ወጥቶአል። አንዱ ድንጋይ ወደ 30 ግራም ይመዝናል፤ እኛ ለሁለት ፍላሽ ስምንት ጊዜ አራት፥ ማለት 32 ድንጋይ ስለምንይዝ፥ ሸክሙ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል።

አሁን ወደ አያያዙ እንመለስ። በመዝገብ ቤት ውሳኔ የሚጠብቀው መዝገብና የተዘጋው መዝገብ በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀላቀሉ፥ የሚከተለው የባለጉዳይ ዕንባ ነው። ድንጋይም እንደዚሁ ነው፤ ሙሉውና ባዶው በመልክ አይለዩምና፥ የሚለያቸው ሥርዐት ብቻ ነው። አራት አራቱን ከፋፍሎ እያንዳንዱን አራት በአንድ የፕላስቲክ ማኅደር ማኖር፥ በማኅደሩና በድንጋዮቹ ላይም አንድ ዐይነት ቍጥርና የተገዙበትን ዓመት መጻፍ ይገባል። ሙሉዎቹ አናታቸው ወደ ላይ፥ ያለቁት አናታቸው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣሉ። ሙሉው በቀኝ ኪስ ይያዛል፥ ያለቀው በግራ ኪስ ይገባል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚመለስ የለም። በኪስ ውስጥ ቍልፍና የሳንቲም ገንዘብ ከድንጋይ ጋራ ማኖር አደገኛ ነው፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ድንጋዩ እንደ ፍም ይግላልና።

ድንጋይ የሚለወጥበትንም ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍላሹ እስኪጠፋ መጠበቅ አይገባም። ሙሽሮቹ ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት፥ ወደ አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት፥ ኬክ ከመቈረሱ በፊት መለወጥ ይሻላል። ፍላሹ አከታትሎ በሙሉ ኀይል ሲበራ ከጋለ ደግሞ ድንጋዩን ከመለወጥ ይልቅ መሣሪያውን ማሳረፍ ይገባል።

ከአገር ወደ አገር ለሠርግ የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸውና፥ ስለ አየር ጕዞም ጥቂት እናገራለሁ። አንዳንድ አዲስ ፍላሽ የሚሠራው ሊቲየም በሚባለው ባትሪ ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላኑ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ መሄድ የለበትም፤ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ተሸፍኖ ከተሳፋሪው ጋራ በእጅ ይያዛል። መጠኑ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነው በተራ ሥርዐት ያልፋል፤ ከዚያ አልፎ እስከ 160 የሚደርሰው በአየር መንገዱ ፈቃድ ሁለት ብቻ ይፈቀዳል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 7.2 ቮልትና 2.6 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት የፍላሽ ባትሪ፥ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 19 ዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ መጠበቅ ያለበት ሕግ ግን የአራቱ ድንጋዮች አንድነት ነው። ድሮ በየቤቱ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ያነቃዋል እንጂ አዲስ ኀይል አይጨምርለትም። እንዲሁም ሁለት አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋራ እየቀላቀሉ ማስገባት የተለመደ ነበር። በፍላሽ ይህን የሚያደርግ ሰው ይከስራል። ድንጋዮቹ በተርታ ተያይዘው ስለሚሠሩ፥ ደካማው አስቀድሞ ሲያልቅ ብርቱዎቹ ኤሌክትሪኩን በግድ ያሳልፉበታል፤ ያን ጊዜ ደካማው ይበላሻል፥ አንዳንድ ጊዜም ውሃው ይፈስና መሣሪያውን ይበላዋል። ስለዚህ አብረው የተገዙት አብረው ይሞላሉ፥ አብረው ይሠራሉ፥ አብረውም ያርፋሉ፤ አራቱ እንደ አንድ ማኅበር ናቸው።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ በወንጌል ስለ ዐሥሩ ደናግል የተጻፈውን ተምሬአለሁ። ልባሞቹ ትርፍ ዘይት ይዘው ሄዱ፥ ሰነፎቹ ሳይዙ ሄዱ፤ ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ሰነፎቹ ቢለምኑ ልባሞቹ አልሰጧቸውም። በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ልጆች አጥብቀው ይጠይቁ የነበረው፥ ጥቂት እንኳ ስለ ምን አላካፈሉአቸውም የሚለውን ነው። መምህራኑ የሚሰጡት መንፈሳዊ ትርጓሜ በስፍራው የጸና ነው። ስለ ሥጋዊው መብራት ግን የፍላሽ ድንጋይ ይህን ያስተምራል፤ ብርሃን በግማሽ አይከፈልም። ከአራቱ ሁለቱን ለባልንጀራ የሰጠ ሰው የራሱንም የባልንጀራውንም ፍላሽ ያጠፋል። ለሌላው መስጠት የሚችል፥ ሌላ ሙሉ አራት አስቀድሞ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ይህም ነገር በአንድ ሠርግ ላይ በዐይኔ ፊት ታየ። ከሙሽራው ወገን የመጣ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ማታ ላይ ድንጋዩ ቢያልቅበት፥ ወደ እኔ ቀርቦ «ጋሼ፥ ሁለት ድንጋይ ብቻ ያበድሩኝ» አለኝ። በቀኝ ኪሴ የቀሩት ሙሉ ማኅደሮች ሁለት ብቻ ነበሩ። «ሁለት እንኳ የለኝም፥ አራት ግን አለኝ» ብዬ አንዱን ከነማኅደሩ ሰጠሁት። የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፥ እንጀራችን እኮ ነው» ብሎ በቀስታ አጕረመረመ፤ እውነትም ነበረው፥ ፎቶግራፉ የጐደለበት ደጋሽ ዋጋውን አይከፍልምና።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የአዳራሹ መብራት ጠፋ። በዚያ ጨለማ ከገጠር ተደግፈው የመጡት የሙሽራይቱ አያት ማንም ሳይጠይቃቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ይመርቁ ጀመር፤ ሙሽሮቹም ከእግራቸው ሥር ተንበረከኩ። የእኅቴ ልጅ የቆመው ከአያቲቱ በስተኋላ ስለ ነበረ የሙሽራይቱን ዕንባ አነሣ፤ ያኛው ግን ከፊት ለፊት ነበርና የአያቲቱን ፊትና የተዘረጉትን እጆቻቸውን አነሣ። በእጅ ስልክ የተነሡት ሁሉ ደብዝዘው ቀሩ። አያቲቱ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ለአርባቸው ቀን ቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ሲፈልግ፥ ፊታቸው በግልጥ የሚታይበት ያ በተበደረው ድንጋይ የበራው አንዱ ብቻ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የእኅቴ ልጅ ማኅደሮቹን ባዘጋጀ ቍጥር አንዱን ለይቶ፥ «ይህ የባልንጀራ ነው» ይለኛል።

እንግዲህ ሠርግ የምትደግሱ ወላጆች፥ ለፎቶግራፍ አንሺው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለበት አንድ ጥግ አዘጋጁለት፤ ልጆች ሻንጣውን እንዳይነካኩ ከልክሉ፤ በተክሊል ጸሎት ጊዜም ካህናቱ ሳይፈቅዱ ፍላሽ አይብራ። ሙያውን የምትማሩ ወጣቶች ደግሞ ከቤት ስትወጡ ድንጋያችሁን አራት አራት አድርጋችሁ ቍጠሩ። ከሚያስፈልጋችሁም በላይ አንድ ሙሉ አራት ጨምሩ፤ ሸክሙ የሚከብደው ከ120 ግራም የማይበልጥ ነው፥ የማን ፊት እንደሚያበራ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።