የመድን ደብተሩ እና የሽሮ ሜዳው ልጄ

የጤና መድን መዋጮ የሚከፈልበት ሰሞን ሲደርስ በእኛ ቤት የስልክ ክርክር ይነሳል። እኔ ዶርዜ የምኖር ሸማኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ትፈትላለች። የበኩር ልጃችን ሽሮ ሜዳ ይሸምናል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። መዋጮውን የሚልክልን እሱ ስለሆነ ሒሳቡንም ይጠይቃል። «አባዬ፣ አንተ ዓመቱን ሙሉ አልታመምክም፤ ታዲያ ብሩ የት ገባ?» ይለኛል።

ብሩማ ጎረቤት ታክሞበታል። እድር ከፍለን ሰው ስላልሞተብን «ገንዘባችን ይመለስ» አንልም። ልጄ ግን መልስ አያጣም፤ «የእድሩ ድንኳን አይጠፋም፤ የእናንተ መድኃኒት ግን ይጠፋል» አለኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ባለቤቴ የደም ግፊት አለባት። ደብተሯን ይዛ ስትሄድ ለካርድም ለምርመራም አትከፍልም፤ መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ስትደርስ ግን «አልቋል፤ ከውጭ ግዢ» የተባለችበት ቀን ጥቂት አይደለም። ያኔ አንድ ነጠላ ይሸጣል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የቆመው በቤተሰብ መዋጮና በመንግሥት ድጎማ ላይ ነው። መክፈል የማይችሉትን ድሆች ክልልና ወረዳ ይከፍሉላቸዋል። ጤና ጣቢያው አክሞ ሒሳቡን ለመድኑ ያቀርባል። ክፍያው ሲዘገይ መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል፤ መድኃኒት ሲጠፋ ጤነኛው አባል «ምን አገኘሁ?» ብሎ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ባለቤቴ በየወሩ የሚመላለሰው ነው። ሕመምተኛ ብቻ የሚያዋጣው ገንዘብ ደግሞ ለማንም አይበቃም። ምዝገባው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ አለዚያማ ሁላችንም የምታስለውን አያት ብቻ እናስመዘግብ ነበር።

እኔን የቆጨኝ ግን የመስቀሉ ነገር ነው። እንደምታውቁት መስቀል ሲደርስ የዶርዜ ልጅ የትም ቢሆን አገሩ ይገባል። ልጄ ቤተሰቡን ይዞ በመጣ በሦስተኛው ቀን የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ በሳንባ ምች ወደቀች። ከደጋው ወደ አርባ ምንጭ ይዘናት ወረድን። እነሱ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ስለሆኑ የእኛ ደብተር ለእሷ አይሠራም። አልጋው፣ ላቦራቶሪው፣ መርፌው ሁሉ ከኪስ ወጣ፤ ለሰንጋ የተያዘው ብር እዚያው አለቀ። ልጅቷ ዳነች፤ ተመስገን።

አዲስ አበባ ተመዝግቦ ቢሆንስ? መድኑ ከሚኖሩበት ወረዳ ጋር የታሰረ ነው፤ ሕክምናውም ከዚያው ጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ነው የሚሄደው። ግማሹ ዶርዜ፣ ግማሹ ሽሮ ሜዳ ለሚኖር እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ ይህ አይመችም። መዋጮው ሁሉ በአገር ደረጃ አንድ ቋት ቢገባ፣ ደብተሩም የትም ቢሠራ እላለሁ። የደመወዝተኛው መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ሠራተኛውም አሠሪውም እንዲያዋጡ ተደንግጎ ለዓመታት ሳይጀመር ቆየ። ያ ወር ጠብቆ የሚገባ ገንዘብ ከእኛ ጋር ቢቀላቀል ገበያ በጠፋ ዓመት ይደግፈን ነበር። ደመወዝተኛው ደስ ይለው እንደሆነ እንጃ። ሩዋንዳ መዋጮውን እንደ ቤተሰቡ የሀብት ደረጃ ለያይታ አስከፍላለች፤ ባለ አንድ ዕቃ ሸማኔና አሥር ሠራተኛ ያለው ነጋዴ እኩል ከሚከፍሉ ይህ ይሻላል።

ዘንድሮ የእኛን መዋጮ ልኳል። የራሱን ግን «የፋሲካ ጥበብ ልሽጥና» ብሎኛል። ምዝገባው ፋሲካን አይጠብቅም፤ ማታ እንደገና እደውልለታለሁ።