በሁለት ቁልፎች መካከል

ከወፍራሙ ቀጥሎ ያለው የቤዝ ጊታሬ ክር በሴኮንድ 55 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1939 የለንደን ጉባኤ ለቅኝት መነሻ የመረጠው የ440 አንድ ስምንተኛ ነው። ኮምፒውተሬም ኦክታቭን በ12 እኩል እርከን ከፍሎ ከዚያ ንቅንቅ አይልም።

ነፍሷን ይማርና፣ አያቴ ትዝታን ያንጎራጎረችው ግን በዚህ ልክ አይደለም። በካሴት የቀረው ድምጿ ከሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያርፋል። ማሽኑ እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ቅርቡ እርከን ጎትቶ ሊያርመው ይችላል፤ ሲታረም ግን የእርሷነቱ ይጠፋል።

ክራር ደርዳሪ ክሩን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። እኔም የቤዙን ክሮች የግማሽ ድምፅ 30 በመቶ ያህል አላላኋቸው፤ ሲንተሳይዘሩንም አስከተልሁ። መቃኛው ቀይ መብራቱን እያበራ ይቃወመኛል። እኔ ግን በሕይወት ሳለች ያልሆነልኝ ሆኖልኝ፣ ዛሬ አያቴን አጅቤ እጫወታለሁ።