ከሚሴ እና መካ በአንድ ቀትር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርሱ ጋቢዎን አጥብቀው ይለብሳሉ። ደብረ ሲናን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ጋቢው ይታጠፋል። ሰንበቴንና አጣዬን አልፈው፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላ ከሚሴ ይደርሳሉ። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦርከና ወንዝ ሜዳ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። በስተምዕራብ ተራራው ወደ ደጋው ይወጣል፤ በስተምሥራቅ አገሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል።

ቀትር ላይ ከደረሱ የዙህር አዛን ይቀበልዎታል። ያን ጊዜ ሰዓትዎን ቢያዩ ልክ 6 ሰዓት አይሆንም። በከሚሴ ፀሐይ መሐል ሰማይን የምታልፈው እንደ ወቅቱ ከ6፡04 እስከ 6፡35 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በጥቅምት ማብቂያ ትቀድማለች፣ በየካቲት መግቢያ ትዘገያለች። የግድግዳው ሰዓት ለአገር ሁሉ አንድ ቢሆንም ፀሐይ ለሁሉም እኩል አትደርስም። የጅግጅጋ ቀትር ከጋምቤላው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀድማል።

ከሚሴ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አላት። ካርታ ዘርግተው ከከተማዋ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ሰሜን ቢያሰምሩ፣ መስመሩ ወሎን፣ ትግራይን፣ ኤርትራንና ቀይ ባሕርን አቋርጦ መካ ይገባል። ሁለቱም 39 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ አካባቢ ባለው ኬንትሮስ ላይ ናቸው። ሰዓታቸውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ 12 የእኛ 6 መባሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በሁለቱ ከተሞች መሐል ሰማይን የምታልፈው በሰከንዶች ልዩነት ነው። የከሚሴ ሰው ለሶላት ፊቱን ወደ ሰሜን የሚያዞረውም ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚህ ዞን ብዙ ቤት ሳዑዲ ዐረቢያ የሄደ ልጅ አለው። በረመዳን ምሽት ከጅዳ ወይም ከመካ ይደወላል፤ “እዚህ አዛን ብሏል” ይባላል። ቴሌቪዥኑም የመካን አዛን ያሰማል። ዙህራችን አንድ ከሆነ መግሪባችንም አንድ ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ ግን አይደለም።

የአምስቱ ሶላት ሰዓት የሚወሰነው ሰውየው በቆመበት ቦታ ባለው ፀሐይ ነው። ሱብሂ ጎሕ ሲቀድ ይገባል። ዙህር ፀሐይ ከመሐል ሰማይ ዘንበል ስትል ነው። አስር የሚገባው የአንድ እንጨት ጥላ፣ ከቀትሩ ጥላ በላይ የራሱን ቁመት ያህል ሲረዝም ነው፤ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ እጥፉን ሲሆን። መግሪብ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ኢሻ የምሽቱ ወጋገን ሲጠፋ ነው። ቀትርን የሚወስነው ኬንትሮስ ነው። የቀንን ርዝመት የሚወስነው ግን ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው። መካ ከእኛ ይልቅ ወደ ሰሜን ስለራቀች በጋና ክረምቷ ሰፊ ልዩነት አለው።

በቁጥር እንየው። ሰኔ 14 አካባቢ ጀንበር በከሚሴ 12፡45 ገደማ ስትጠልቅ፣ በመካ 1፡05 ገደማ ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ በከሚሴ 12፡04፣ በመካ ግን 11፡43 ገደማ ነው። በመጋቢትና በመስከረም ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ በ2023 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ እንደሚገባ ይጠበቃል። ያን ጊዜ በመካ አዛን ያፈጠረ የከሚሴ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ የጾመውን ጾም ጀንበር ሳትጠልቅ 20 ደቂቃ ቀድሞ ያፈርሰዋል።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ ለታማሚ ከግድግዳው ሰዓት ይልቅ የሶላቱ ሰዓት እንደሚቀርበው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበትን ሰው “ከሱብሂና ከመግሪብ ጋር ውሰዱ” ቢሉት አይረሳም። በመካከላቸው ያለውም 13 ሰዓት ገደማ ስለሆነ አያዛባም። የስኳር ሕመም ላለበት ጾመኛ ግን የመጨረሻዋ ሰዓት ከባድ ናት። ቢያልበው፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ቢወርድ፣ የከሚሴንም ሆነ የመካን አዛን መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይቅመስ። ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቅዷል። ጾሙ ሳይገባ በፊት ሐኪም ማማከር ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል።

የሜዳው ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በስተምዕራብ ያለው ተራራ ፀሐይን ቀድሞ ይጋርዳታል። ፀሐይ ከተራራ ጀርባ ሆነች ማለት ጠለቀች ማለት አይደለም። ሽማግሌዎቹ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጨለማው ከአድማስ ሲነሣ የሚያዩት ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ያለው የሶላት ሰዓትም እንደ አሞላሉ ይለያያል። አንዱ ስሌት ሱብሂን ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ በታች ስትሆን ሲያስገባ፣ የግብፁ 19.5 ዲግሪ ላይ ያስገባል። ይህ በከሚሴ ወደ 20 ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ስልክዎን ከሰፈርዎ መስጊድ ሰዓት ጋር ያስተካክሉ። ከሰንበቴ እስከ ባቲ ያለው ልዩነት ከሁለት ደቂቃ ስለማይበልጥ፣ የከሚሴ ሰዓት ለዞኑ ሁሉ ይበቃል ማለት ይቻላል።

ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች አንድ ሥራ ልስጥ። በየዓመቱ ግንቦት 20 አካባቢ 6፡18 ላይ፣ ሐምሌ 9 አካባቢ ደግሞ 6፡27 ላይ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። ከሚሴ ካላችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ቂብላው ከጥላው ተቃራኒ ነው። ሐምሌ ደመና ስለሚበዛበት የግንቦቱ ይሻላል።