«ምርመራው ደህና ነው» ከተባለ በኋላ

በመንዝ ደጋ በነርስነት ሠርቻለሁ። የገብስና የበግ አገር ነው፤ በልግ ሲቀር ወይም ውርጭ አዝመራውን ሲመታው ቤት ሁሉ ይጨነቃል። ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ግን «ተጨነቅሁ» ብሎ አይጀምርም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ትር ትር ይላል»፣ «ሰውነቴን ይወረኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይላል። እነዚህን ሰዎች ሳክም ከተማርኩት ጥቂቱን ልጻፍ።

አንደኛ፣ ሕመሙ እውነት ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ንጹሕ መሆኑ በሽተኛውን ውሸታም አያደርገውም። ሰው ሲፈራና ሲያዝን አድሬናሊን በደሙ ውስጥ ይጨምራል፤ ልቡ ይፈጥናል፣ የጨጓራውና የአንጀቱ ሥራ ይዛባል፣ የአንገቱና የትከሻው ጡንቻ ይወጠርና ራሱን ያመዋል። ደንግጦ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደግሞ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣቱና የከንፈሩ ዙሪያ የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ይህን በእርጋታ ሳስረዳ የብዙ ሰው ፊት ሲፈታ አይቻለሁ። «ምንም የለብህም» የሚለው መልስ ግን ያሳፍራል እንጂ አያድንም።

ሁለተኛ፣ አካሉ ሳይመረመር «ጭንቀት ነው» አይባልም። እንቅርት ልብን ሊያፈጥን ይችላል፤ ደም ማነስ ያደክማል፤ በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በሽታ አስከትሎ ሊቆይ ይችላል። ሐዘንተኛም ሳንባ ነቀርሳ ይይዘዋል። ስለ አካሉም ስለ ጭንቀቱም ጎን ለጎን መጠየቅ ነው።

ምርመራ ማብዛትም ዋጋ አለው። ራስ ምታትና ድካም ያለበት ሰው በየክሊኒኩ ለታይፎይድና ለታይፈስ ደሙን ይሰጣል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ በሽታው ዛሬ በሌለበት ሰው ላይም «አለ» ሊል እንደሚችል የሚነግረው የለም። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ለሳምንት ይሻለዋል፣ ተመልሶ ያመዋል። በግ እየሸጠ የሚታከም ገበሬ በዚህ ዙር ሲጎዳ ማየት ያንገበግባል።

ከሁሉ የጠቀመኝ ጥያቄ «መቼ ጀመረዎት?» የሚለው ነው። አንዲት እናት ራሳቸውን በነጠላ ጠፍረው፣ ደረታቸውን ይዘው መጡ። መረመርናቸው፤ የሚታይ ነገር የለም።

«እማማ፣ መቼ ጀመረዎት?»

«ከዚያ ኅዳር ወዲህ ነው ልጄ።»

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት መዘዞንና ሞላሌን ሲያዳርስ ማለታቸው ነበር። ልጃቸው ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። መርዶ አልመጣም፤ ስለዚህ ድንኳን አልተጣለም፣ አልተለቀሰም፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ አላጽናናም። «እርሜን አላወጣሁ፣ ተስፋም አልቆረጥሁ» አሉኝ። የአገራችን ለቅሶ ሐዘንን ከደረት የሚያወጣ ሥርዓት ነው፤ የጠፋ ልጅ እናት ግን ከዚህ ሁሉ ተከልክላ ትቀራለች። እኚህ እናት በየቀጠሯቸው ስለ ልጃቸው ማውራት ሲጀምሩ እንቅልፍ ተመለሰላቸው፤ ራስ ምታቱም ቀለለ። ልባቸው ግን አሁንም አልፎ አልፎ ትር ትር ይላል። ይህንም አልሸሽግም።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች መካከል ደረታቸውን እያመማቸው፣ ልባቸው በኃይል እየመታ፣ እያደከማቸው፣ ነገር ግን ልባቸው ላይ ጉዳት ያልተገኘባቸውን ብዙዎች ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት ያዘጋጀው፣ በአገራችን ጥናቶችም የተሠራበት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ የሚጀምረው በራስ ምታት ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄም ቶሎ ስለመድከም ነው።

ስለ ጸበል ደግሞ፦ ወደ ፃድቃኔ ማርያም የሚሄደውን ሰው «ወይ ጸበል ወይ ሕክምና» ማለት ትክክል አይመስለኝም። እዚያ የሚያዳምጠውና አብሮት የሚጸልይለት ያገኛል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። የድብርት መድኃኒትም ከጸበል አይጣላም፤ እኔ የምለምነው ኪኒኑን እንዳያቋርጡ ብቻ ነው።

«አማኑኤል ልትልኩኝ ነው?» ብለው የሚደነግጡም አሉ። ድብርትና ጭንቀት በአብዛኛው አዲስ አበባ ወዳለው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አያስኬዱም። በምክር ይታከማሉ፤ ሲያስፈልግም እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ባሉ መድኃኒቶች፣ የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት ጤና ጣቢያም ጭምር። መድኃኒቱ ውሎ አድሮ፣ በሳምንታት ውስጥ ስለሚሠራ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው አይገባም።

ከቤታችሁ ሰው ለሳምንታት ራሴን፣ ልቤን፣ ሆዴን እያለ ከቆየ፣ ይዛችሁት ወደ ሕክምና ሂዱ፤ ከመቼ ወዲህ እንደሆነም ጠይቁት። «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።