ወዝ ሲጎድል

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ልጆቻችን ነው፤ ስለ ፊደል፣ ስለ ንባብ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ ስለማውራት። ዛሬ ግን ስለ እኛ ስለ እናቶች ላውጋችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ ቡናችንን ይዘን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንነጋገረውን ነገር ነው። አባቶችም እባካችሁ አትዝለሉት፤ እናንተም ቤት ያለ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ የቆዳ ድርቀት ነው። ዕድሜያችን 45ን ያለፈ ሴቶች ስንገናኝ እጃችንን እያሻሸን «እኔን ብቻ ነው እንዴ?» እንባባላለን። እግራችን አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ተረከዛችን ይሰነጠቃል። ሌሊት ጀርባችንን ይበላናል። ለዓመታት የተስማማን ሎሽን ድንገት ያቃጥለናል፣ ወይም ቀብተነው ብዙም ሳይቆይ ቆዳችን ጠጥቶት ይጨርሳል። የምንኖርበት ዴንቨር ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው፤ በክረምት የቤቱ ማሞቂያ ሌት ተቀን ይነፋል። ስለዚህ ሁሉንም በአየሩ እናሳብባለን። አየሩ ድርሻ አለው፣ አልክድም። ግን እዚሁ አየር ውስጥ ስንት ዓመት ስንኖር እንዲህ አልሆንም ነበር፣ አይደል?

ስሙን እንጥራው፤ ማረጥ ነው። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ሐኪሞች ሴትዮዋ አርጣለች ይላሉ። እዚህ አሜሪካ አማካይ ዕድሜው 51 ገደማ ነው። ለውጡ ግን ያን ቀን አይጀምርም። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት፣ የወር አበባው መዘበራረቅ ሲጀምር፣ ቆዳውም አብሮ መለወጥ ሊጀምር ይችላል። ቃሉ ለጆሮ እንደሚከብድ ይገባኛል። ብዙዎቻችን የሰማነው ሴት ስትታማ ነው እንጂ ከእናታችን አፍ አይደለም። የእኔም እናት አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

ቆዳችን ላይ ምን እንደደረሰ ለመረዳት ግን ከሐኪም ቋንቋ በፊት አንድ የራሳችን ቃል አለን፤ ወዝ። «ፊቷ ወዝ አለው» እንላለን፣ «ወዙ ተመጠጠ» እንላለን። ወዝ ቆዳ ራሱ የሚያወጣው ቅባት ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቆዳ ወዝ እንዲኖረው፣ ውሃ እንዲይዝ፣ ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንም እንዲሠራ ያግዛል። በማረጥ ጊዜ ኤስትሮጅን ሲቀንስ ሦስቱም አብረው ይቀንሳሉ። የቆዳ ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 5 ዓመታት ብቻ ቆዳ ከኮላጅኑ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ «ምን ነካኝ?» የምትሉ እህቶቼ፣ ምንም አልነካችሁም። ወዛችሁ ጎድሏል። የጎደለውን ደግሞ ከውጪ መሙላት ይቻላል።

የቆዳን የላይኛውን ሽፋን እንደ ድንጋይ ግድግዳ አስቡት። ሴሎቹ ድንጋዮቹ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ቅባት ደግሞ አያይዞ የሚይዛቸው ጭቃ ነው። ጭቃው ሲረግፍ ከውስጥ ውሃው ይወጣል፣ ከውጪ ሳሙናውና ሽቶው ይገባል። ለዚህ ነው ቆዳው መድረቁ ሳያንስ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣው። ውሃ መጠጣት ጥሩ ነው፤ ግን ግድግዳው ሳይጠገን የጠጣነው ውሃ ቆዳው ውስጥ አይቆይልንም።

ታዲያ የትኛውን እንግዛ? ፋርማሲ ስትገቡ መደርደሪያው ዓይን ያጭበረብራል። አሁን ደግሞ «ለማረጥ» ተብለው ዋጋቸው ከፍ ያለ ክሬሞች መጥተዋል። ከፊት ያለውን ጽሑፍ ተዉትና ዕቃውን ገልብጡ። ንጥረ ነገሮቹ የሚጻፉት በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው በብዛት ያለው ነው። የምትፈልጉት ሦስት ሥራ የሚሠሩ ነገሮችን ነው።

አንደኛው ውሃ ስቦ የሚይዝ ነው፤ ግሊሰሪን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ ወይም ዩሪያ። ሁለተኛው የረገፈውን ጭቃ የሚተካ ነው፤ ሴራማይድ። ሦስተኛው ከላይ የሚከድን ነው፤ ፔትሮላተም፣ ዳይሜቲኮን ወይም የሺያ ቅቤ። ሦስቱንም ባንድ ላይ የያዘ ክሬም ውድ መሆን የለበትም። እንደ ሴራቬ ያሉት፣ በየፋርማሲው የሚገኙት ተራ ክሬሞች ይህን ሥራ ይሠራሉ። በፓምፕ ከሚወጣው ቀጭን ሎሽን ይልቅ በሰፊ ዕቃ የሚሸጠውን ወፍራሙን ክሬም ምረጡ፤ ሎሽን አብዛኛው ውሃ ነው። ለተረከዝና ለክርን ከ10 እስከ 20 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም የደነደነውን ቆዳ ያለሰልሳል። ተሰንጥቆ የደማ ቦታ ላይ ግን ያቃጥላል፤ እስኪድን እዚያ ቫዝሊን ይበቃል።

አንድ የቃል ወጥመድ አለ። ዕቃው ላይ «ፍራግራንስ ፍሪ» የሚል ፈልጉ፤ ሽቶ አልተጨመረበትም ማለት ነው። «አንሰንትድ» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ አይሸትም እንጂ ሽታውን ለመሸፈን ሌላ ሽቶ ሊጨመርበት ይችላል። ለተቆጣ ቆዳ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አዲስ ክሬም ስትገዙም ወዲያው ፊታችሁን አትቀቡት። ክርናችሁ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ሞክሩት። ካላሳከከና ካላቀላ ቀጥሉ።

ከየትኛው ክሬም ይልቅ መቼ መቀባት የሚለው ይበልጣል። እንጀራ ከመሶብ ውጪ ሲያድር ጠርዙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቆዳም እንደዚያው ነው፤ እርጥበቱ ሳይሄድ መከደን አለበት። ገላችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፣ ከ10 ደቂቃ አትለፉ። ያ የሚያቃጥለው ውሃ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን የቀረችውን ወዝ ጠርጎ ነው የሚሄደው። ሳሙና ለብብት፣ ለብልት አካባቢ ውጫዊ ክፍልና ለእግር ይበቃል፤ እሱም ለስላሳና ሽቶ የሌለበት ይሁን። በፎጣ አትፈትጉ፣ መታ መታ አድርጉት። ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ተቀቡ። ዕቃ ስታጥቡና ሽንኩርት ስትከትፉ ጓንት አድርጉ። ማታ ተረከዛችሁን ቫዝሊን ቀብታችሁ የጥጥ ካልሲ አድርጋችሁ ተኙ። መኝታ ቤት አየር የሚያረጥብ ማሽን ማድረግም ለዴንቨር ክረምት ይረዳል። ቀን ስትወጡ ደግሞ ፊታችሁ ላይ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ አይጥፋ፤ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ ፀሐዩ ይጠነክራል።

«የእናቶቻችንስ ቅባት?» ትሉኝ ይሆናል። ቫዝሊን ምንም አልሆነም። ሮበርት ቼስብሮ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ ውስጥ መብቱን ካስመዘገበው ጀምሮ እስካሁን ውሃ ከቆዳ እንዳይወጣ በመከደን ከሱ የሚበልጥ እምብዛም የለም። ውሃ ራሱ አይሰጥም፤ ስለዚህ እርጥብ ቆዳ ላይ ወይም ከክሬም በላይ ይቀባል። የሺያ ቅቤም ጥሩ ነው፤ ዛፉ በእኛው ጋምቤላም ይበቅላል፣ እዚህ ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ ሱቆች ውስጥ አይጠፋም። ለጋ ቅቤ ለፀጉር ይሁን። ፊት ላይ ግን ይሻግታል፣ ቅመም ከገባበት ደግሞ ያስቆጣል። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳልና ሳትሞክሩ አትቀቡት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ሲታከክ ጠባሳው ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ ድርቀቱ ማሳከክን፣ ማሳከኩ ጥቁር ነጠብጣብን ያመጣል፤ ያኔ «ነጠብጣብ የሚያጠፋ፣ ፊት የሚያጠራ» የሚባለው ትዩብ ይመጣል። አንዲት እንደ እህቴ የማያት ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ከአንድ ሱቅ ገዛች። መጀመሪያ ሳምንት ፊቷ እንደ መስተዋት ሆነ። በሁለተኛው ወር ቀላ፣ ሳሳ፣ የደም ሥሩ ይታይ ጀመር፤ ስታቆመው ደግሞ እንደ እሳት ፈጃት። የቆዳ ሐኪሟ ትዩቡን አይቶ ክሎቤታሶል የሚባል በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ እንዳለበት ነገራት። ይህ መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበት፣ በተለይ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳን የሚያሳሳ ነው። በማረጥ ቀድሞውኑ የሳሳ ቆዳ ላይ አስቡት! ሃይድሮኪኖን ያለባቸው ክሬሞችም ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጡ አይፈቀድም። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ እነሱ ኩላሊት ይጎዳሉ። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቅባት፣ የቱንም ያህል የምታውቁት ሰው ቢሰጣችሁ፣ አትቀቡ። እየተጠቀማችሁ ከሆነ ደግሞ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ድርቀቱ ፊትና እጅ ላይ ብቻ እንዳልሆነም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለብልት ድርቀት የራሱ ሕክምና አለው፤ ሐኪማችሁን ያለ ሃፍረት ጠይቁ፣ የገላ ክሬም ግን እዚያ አይገባም። ማሳከኩ በክሬም አልመለስ ካለ፣ ወይም ከድካም፣ ከክብደት ለውጥና ከፀጉር መርገፍ ጋር ከመጣም ተመርመሩ። የእንቅርት ዕጢ፣ ስኳርና ኩላሊትም ቆዳን ያደርቃሉ፤ ሁሉንም በማረጥ ማሳበብ ልክ አይደለም።

ይህን ሁሉ የልጆች ትምህርት ቤት ገጽ ላይ ለምን እንደጻፍኩት ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት የ14 ዓመት ልጄ ማታ ማታ እግሬን ስቀባ እያየች ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፣ በአማርኛ። ማረጥ የሚለውን ቃል ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እሁድ አያቷ ጋ ስንደውል ስልኩን ተቀብላኝ፣ «እማማ፣ አንቺ ስታርጢ ቆዳሽ ደርቆ ነበር?» አለቻት። «ስታርጪ» ማለት አቅቷት ነው፤ አላረምኳትም፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ምን ቆዳው ብቻ፣ የኔ እናት! ሌሊት መስኮት ከፍቼ ስተኛ አያትሽ ሌባ ይገባል እያለ ይቆጣኝ ነበር። ሕመም ያዘኝ ብዬ ስንት ጠበል ሄድኩ መሰለሽ። ለማን ይነገራል?» አለቻት። እኔ ያን መስኮት አስታውሰዋለሁ። ልጅ ሆኜ በብርድ ተነስቼ የዘጋሁበት ሌሊት ብዙ ነው። ለምን እንደሚከፈት ያወቅኩት ግን ያን እሁድ፣ ከልጄ ጎን ተቀምጬ ነው።

ልጆቻችን አማርኛን ሲማሩ ቃሉን ይማራሉ እንጂ ከቃሉ ጋር የተጣበቀውን ሃፍረት አይማሩም። እኛ ካላስተማርናቸው ማለቴ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ የቅባት ዕቃ አንሱና ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ። የዕቃውን ጀርባ እነሱ ያንብቡላችሁ፤ በእንግሊዝኛው እነሱ ይፈጥናሉ። እናንተ ደግሞ ቃሎቹን ስጧቸው፦ ወዝ፣ ድርቀት፣ ማሳከክ፣ ሻካራ፣ ለስላሳ፣ ተረከዝ፣ ክርን። ማረጥንም ጨምሩበት። ወንዶች ልጆችም ይስሙ፤ ነገ ሚስትና እህት አላቸው።

ሽቶ የሌለበት ጥሩ ክሬም ያገኛችሁ ደግሞ ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ ስሙን ንገሩን። ድምፃችሁን ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም። በሰላም ያገናኘን።