ለከርሞ የተቀመጠ ቤንዚን

አገር ቤት «በረዶ» የምንለው በክረምት ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደውን፣ ልጆች በእፍኛቸው ለቅመው ሳይጠግቡት የሚቀልጠውን ነው። የሚኒሶታ በረዶ ግን ድምፅ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ በዝምታ ይወርድና ይቆለላል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 3 ቀን 1991 በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የወረደው 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የሚኒያፖሊስ ደንብ ደግሞ በረዶው ካባራ በኋላ ለባለ ቤቱ የሚሰጠው 24 ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት። አካፋ ለጎበዝ ይበቃዋል። ጉልበቱ ለደከመ ሰው ግን በቤንዚን የሚሠራው የበረዶ መጥረጊያ ማሽን፣ «ስኖው ብሎወር» የሚሉት፣ የቤት ዕቃ ብቻ ሳይሆን ደጋፊ ልጅ ነው።

ጎረቤቴ እማማ ሰባውን ያለፉ እናት ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ኩላሊት እጥበት የሚወስዳቸው መኪና ገና ጎሕ ሳይቀድ ከደጃቸው ይቆማል። ከበር እስከ መኪናው ያለችው መንገድ አጭር ናት፤ በረዶ ሲሞላት ግን ለእርሳቸው ተራራ ናት። ቀድሞ የሚጠርጓት ባለቤታቸው ነበሩ። ሚያዝያ ላይ፣ ብርዱ ሲያበቃ፣ «ለከርሞ ይሁንሽ» ብለው የማሽኑን ታንከር አፉ ድረስ ሞልተው ጋራዥ ውስጥ አቆሙት። ነሐሴ ላይ ዐረፉ።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ሲወርድ ማሽኑን አወጣነው። ቾኩን ዘግተን ገመዱን ስንስበው ይነሣል፤ ቾኩን ስንከፍተው ሁለት ሦስት ጊዜ ያቃስትና ቀጥ ይላል። እማማ በመስኮት ቆመው ያዩ ነበር። እኔ ማሽኑ አርጅቷል፣ ይብቃው ለማለት ስዘጋጅ፣ በወጣትነታቸው ሶማሌ ተራ አጠገብ በአንድ ጋራዥ የሠሩት ጋሼ ድምፁን ሰምተው መጡ። «ይኼ አላረጀም፤ ተርቧል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻውን አይጠጣም፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14 ወይም 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያዋሕደው ካርቡሬተር ነው። አየር በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ቤንዚኑ ከሥር ካለችው ጽዋ በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በጠባብ ቧንቧ የሚያልፍን ፈሳሽ ጠባይ የገለጠበትን ሥራውን ያሳተመው በ1797 ነው፤ የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ቾክ ሲዘጋ አየሩ ስለሚቀንስ ጥቂቱም ቤንዚን ይበቃል። ስለዚህ ቾክ ሲዘጋ ብቻ ነፍስ የሚዘራ ሞተር፣ የቤንዚኑ ቀዳዳ ተደፍኖበታል ማለት ነው።

የሚደፍነው ምንድን ነው? ራሱ ቤንዚኑ ነው። በምሠራበት ባንክ ተቀማጭ ገንዘብ ወለድ ይወልዳል፤ ተቀማጭ ቤንዚን ግን ይሞታል። ቀላል ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በአሜሪካ ማደያዎች በሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን ውስጥ 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለ፤ ኢታኖል ደግሞ ውኃ ይስባል።

ጋሼ የጋራዡን በር ከፈቱና የካንዴላውን ገመድ አላቀቁ። የቤንዚኑን መስመር ዘግተው፣ ከጽዋዋ ሥር ያለችውን አንዲት ብሎን ፈቱ። «ካቻቢቴ! ፒንሳ!» እያሉ ሲያዙኝ፣ ከጣሊያን ተነሥተው በአዲስ አበባ ጋራዦች አማርኛ የሆኑ ቃላት ሚኒሶታ ድረስ መጥተው ሲሠሩ ሰማሁ። ብሎኗን ወደ ብርሃን አንሥተው አሳዩኝ። በመካከሏ ቀዳዳ መኖር ነበረበት፤ ብርሃን ግን አያሳልፍም። ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ ነከሯት፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ከመዘዟት አንዲት የመዳብ ክር ጋር አዋሏት። «ብረት አታስገባ፤ መዳብ ለስላሳ ነው። ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ልኩ ይበላሻል» አሉ። በመጨረሻ በተጨመቀ አየር ነፉባት። ብርሃኑ እንደ መርፌ ጫፍ ብቅ አለ።

የታንከሩን ቤንዚን ለመገልበጥ ዕቃ ሳቀርብ፣ እማማ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። «እሱ የሞላው ነው እኮ» አሉ። ሁለታችንም ዝም አልን። ጋሼ ጥቂት በብርጭቆ ቀድተው ያለ ቃል አቀረቡላቸው። መልኩ ጠቁሯል፤ ሽታው የቫርኒሽ ነው። እማማ አሸተቱት፣ አዩትም። «ይኼማ ሞቷል» አሉ፤ «ድፉት»። አሮጌውን ቤንዚን ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ወሰድኩት፤ ታንከሩን ኢታኖል በሌለው አዲስ ቤንዚን ሞላነው። ማሽኑ በሁለተኛው ስቦሽ ተነሣ፤ ቾኩ ተከፍቶም አልጠፋም። በማግስቱ መኪናው ሲመጣ መንገዷ ተጠርጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ ሟቹ ነው። ሚስታቸው በመጪው ክረምት እንዳትቸገር አሰቡ፤ ያሰቡበት ስጦታ ራሱ መንገዱን ደፈነው። ፍቅራቸው ግን አልጎደለም። ለከርሞ ብለን የምናኖረው ሁሉ፣ ቤንዚንም ሆነ መልካም ቃል፣ የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ ይረጋል። የሟች አደራ የሚፈጸመው በቆሙት እጅ ነው፤ የተረጋውን ደፍቶ፣ ቀጭኗን ቀዳዳ ከፍቶ፣ አዲስ መሙላት የእኛ ድርሻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ካለህ በረዶው ሲያበቃ የቤንዚኑን መስመር ዝጋና ሞተሩ የቀረውን ጠጥቶ በራሱ እስኪጠፋ ተወው። ጎረቤት ካለህ ደግሞ ከርሞን አትጠብቅ።

ቸር እንሰንብት።